ክንዱን ለክተው እግሩን ያልፉታል

በአሜሪካ ፉትቦል ኳስ ወርዋሪው ኳርተርባክ ፊት የሚሰለፉት አምስት ግዙፎች፣ ላይንማኖቹ፣ ኳስ አይወረውሩም፣ ኳስ ይዘው አይሮጡም። ሥራቸው ፊት ለፊታቸው የቆመው ሰው ያሰበበት እንዳይደርስ ማገድ ነው። ሥራው ሲሰምር ምንም አይፈጠርም፤ ኳርተርባኩ ተረጋግቶ ይወረውራል፣ ሕዝቡ ለወረወረውና ለቀለበው ያጨበጭባል። የላይንማኑ ቁጥር በስታዲየሙ ድምፅ ማጉያ የሚሰማው ዳኛው «ሆልዲንግ» ብሎ ቡድኑን 10 ያርድ ወደ ኋላ ሲመልስበት ነው። እንግዲህ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ባለሙያዎቹ ሊግ ወደ ኤንኤፍኤል የሚሻገረውን ላይንማን የሚመለምል ሰው ያልተፈጠረ ነገር መቁጠር ይጠበቅበታል። የሚቆጠር ሲያጣ የሚለካ ይፈልጋል። ሜትር ይዞ ይመጣል።

(ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

* * *

ሜትሩ የሚዘረጋው ኢንዲያናፖሊስ ላይ ነው። በየዓመቱ የካቲት ውስጥ ከ300 በላይ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ኮምባይን ለሚባለው ፈተና ይጠራሉ። ቁመት፣ ክብደት፣ የመዳፍ ስፋት፣ ዝላይ፣ ሩጫ ይለካል፤ በጀርባቸው ተኝተው 102 ኪሎ ብረት ስንት ጊዜ እንደሚገፉ ይቆጠራል። ከላይንማን ግን ከሁሉ በላይ የሚጠበቀው የክንድ ርዝመት ነው። 34 ኢንች የሞላው ታክል ይሆናል፣ ዳር ቆሞ ፈጣኖቹን ያግዳል። 33 ያልሞላው «ጋርድ ብትሆን ይሻልሃል» ተብሎ ወደ መሀል ይገፋል።

የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲው ዊል ካምቤል በ2025 ኢንዲያናፖሊስ ላይ 32 ከ5/8 ኢንች ተለካ። ከሳምንታት በኋላ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሲለካ 33 ሆኖ ተገኘ። የ21 ዓመት ሰው ክንድ በዚህ ፍጥነት አያድግም፤ የተለወጠው ሜትሩን የያዘው እጅ ነው። ግማሽ ኢንች ስለማትሞላው ልዩነት የሰማሁት ክርክር ልጁ እግሩን እንዴት እንደሚያነሣና እንደሚጥል ከሰማሁት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የኒው ኢንግላንድ ክለብ ግን፣ ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን በየተራ በሚመርጡበት ድራፍት፣ በ4ኛ ምርጫ ወሰደውና ሌፍት ታክል፣ የግራው ዳር አጋጅ፣ አደረገው።

ክንድ ከንቱ ነው አልልም። በ1978 ሕጉ ተሻሽሎ አጋጁ ክንዱን ዘርግቶ በተከፈተ መዳፍ እንዲገፋ ከተፈቀደለት ወዲህ ቀድሞ ደረት የነካ ያዝዛል፤ ክንደ ረጅም ደግሞ ቀድሞ ይነካል። ምክንያቱ ይገባኛል። የሚያስገርመኝ ምክንያቱ ተረስቶ ቁጥሩ ሲመለክ ነው። ጆ ቶማስ ክንዱ 32 ኢንች ተኩል ነበር። ክሊቭላንድ በ2007 በ3ኛነት መረጠው፤ አንዲት ስናፕ ሳያመልጠው፣ ማለትም ኳሷ ከመሬት በተነሣች ቁጥር ሜዳ ላይ ሆኖ፣ 10,363 ጊዜ በተከታታይ ተሰለፈ። በ2023 የስፖርቱ ዝነኞች መዝገብ ወደሆነው ሆል ኦፍ ፌም ገባ። ለካ ቀድሞ ለመንካት ቀድሞ መድረስም ይበቃል፤ የሚያደርሰው እግር ነው።

ይኸው ቶማስ የድራፍቱ ዕለት፣ ሌሎቹ ኒው ዮርክ ላይ ሱፍ ለብሰው ስማቸው እስኪጠራ ሲቁለጨለጩ፣ ከአባቱ ጋር ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ዓሣ ያጠምድ ነበር። ጠባዩን ለማወቅ እኔ ከዚህ በላይ ቃለ መጠይቅ አልፈልግም።

* * *

አንድ ስናፕ በዝግታ እንይ። ሴንተሩ ኳሷን በእግሮቹ መሀል ወደ ኋላ ሲልክ ሌፍት ታክሉ ግራ እግሩን ወደ ኋላ ይረግጣል፤ ቀኙ ይከተለዋል፣ አይጠላለፉም። ጉልበቱ ታጥፏል፣ ጀርባው ቀጥ ብሏል፣ መዳፎቹ ደረቱ አጠገብ ሆነው ይጠብቃሉ። ከውጭ በኩል የሚመጣበት ተከላካይ ሁለት እርምጃ በሙሉ ኃይሉ ይሮጥና በሦስተኛው ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ወደ ውስጥ ሊታጠፍ ይሞክራል። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ደካማው ታክል ከወገቡ ያጎነብሳል፤ ጭንቅላቱ ይቀድማል፣ እግሩ ቀጥ ይላል፣ እጁ ያገኘውን ለመያዝ ይዘረጋል። ያኔ አበቃለት። ጎበዙ በእጁ አይቸኩልም። አንዲት እርምጃ ጨምሮ ይረግጥና ሰውየው ሲታጠፍ መዳፉን ከብብቱ ሥር ይሰድድበታል። ይህ ሁሉ ሦስት ሰከንድ አይሞላም። መልማዮች ምዘናቸውን የሚጀምሩት ከወገቡ የሚያጎነብሰውን ከጉልበቱ ከሚታጠፈው በመለየት ነው።

እኔ ብሆን የምጓጓው ለምትቀጥለው ግማሽ ሰከንድ ነበር። ታክሉ ተበልጧል እንበል፤ ተከላካዩ አልፎታል። አሁን ምን ያደርጋል? አንዱ ማሊያ ይጨመድዳል። አንዱ ዞሮ ቆሞ ያያል። አንዱ ደግሞ ከኋላ ደርሶ የሰውየውን ዳሌ በዚያው በሚሮጥበት አቅጣጫ ይገፋዋል፤ ተከላካዩ መታጠፊያው ያመልጠውና ኳርተርባኩን በአንድ ሜትር ስቶ ያልፋል። በሰንጠረዡ ላይ ይህ ስናፕ ታክሉ ጭራሽ ካልተበለጠበት ስናፕ ጋር እኩል ነው፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው። ለእኔ ግን ስለ ልጁ ብዙ የሚነግረኝ የተበለጠበት ነው።

ወኪሎች በየስልኩ የሚያሰራጩት ቪዲዮ ይህን አያሳይም። እዚያ የሚታየው «ፓንኬክ» ነው፣ ተከላካይን በጀርባው ዘርሮ ላዩ ላይ መውደቅ። ያስጨበጭባል። ከደካማ ዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ 20 ኪሎ የሚቀለውን ልጅ መዘረር ግን በሚቀጥለው ዓመት በኤንኤፍኤል ከሚገጥመው የ30 ዓመት ጎልማሳ ጋር ዝምድና የለውም።

* * *

1989። የድራፍቱ የመጀመሪያዎቹ አምስት ምርጫዎች በቅደም ተከተል፦ ትሮይ ኤክማን፣ ቶኒ ማንዳሪች፣ ባሪ ሳንደርስ፣ ዴሪክ ቶማስ፣ ዲዮን ሳንደርስ። አራቱ ሆል ኦፍ ፌም ናቸው። ማንዳሪች የሚሺጋን ስቴት ላይንማን ነበር፤ ስፖርትስ ኢለስትሬትድ ራቁት ደረቱን ሽፋኑ ላይ አወጣው፣ በሥራው ከዚያ በፊት እንደሱ ያለ ታይቶ አይታወቅም ተባለለት። ግሪን ቤይ ያሰበውን ሳያገኝበት አሰናበተው። በ2008 ዩኒቨርሲቲ ሳለ ስቴሮይድ ይወስድ እንደነበር ራሱ ተናገረ። ሚዛኑን ብዙ ሰው ይወቅሳል። እኔ አልወቅሰውም፤ ሚዛኑ ላይ የወጣው ሌላ ሰው ነበር። ገብቶበት ከነበረው ሱስ ወጥቶ ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሦስት የውድድር ዓመት የተጫወተው ማንዳሪች ነው እውነተኛው፤ ደህና፣ መካከለኛ ላይንማን።

* * *

ላይንማኖችን 40 ያርድ ያስሮጧቸዋል። 36 ሜትር ተኩል መሆኑ ነው። ላይንማን በጨዋታ 36 ሜትር በቀጥታ የሚሮጠው ኳሷ በተቃራኒ ተጫዋች ተጠልፋ ሲያሳድድ ነው፣ ማለትም ሁሉም ነገር ከተበላሸ በኋላ። የመጀመሪያዎቹ 10 ያርዶች ጠቃሚ ናቸው፤ ከቆመበት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚነሣ ያሳያሉ። የቀረው የቴሌቪዥን ትርኢት ነው።

አርካንሶ ፓይን ብላፍ ከሚባል ትንሽ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ቴሮን አርምስቴድ በ2013 ይህንን ርቀት በ4.71 ሰከንድ ሮጠ። ኒው ኦርሊንስ በ3ኛው ዙር ወሰደው፣ ምርጥ ታክል ሆነ። ከአምስት ዓመት በኋላ የኦክላሆማው ኦርላንዶ ብራውን መጣ። 5.85 ሮጠ። 102 ኪሎውን 14 ጊዜ ብቻ ገፋ። ዝላዩ አያድርስ ነው። አባቱ በዚሁ ሥራ ስመ ጥር ነበር፣ እሱም ከኮምባይኑ በፊት በመጀመሪያው ዙር ይወሰዳል ሲባል ከርሟል፤ በዚያ ቀን ምክንያት 83ኛ ላይ ወደቀ። ባልቲሞር ወሰደው። የዓመቱ ምርጦች ለሚጠሩበት ፕሮ ቦውል ተመረጠ፤ በኋላም ለካንሳስ ሲቲ ሌፍት ታክል ሆኖ የ2023ቱን የሊጉን ዋንጫ ጨዋታ፣ ሱፐር ቦውልን፣ አሸነፈ። ምሥጢሩ ከባድ አይደለም። ሰውየው ከሁለት ሜትር በላይ ቁመት አለው፣ ሰፊ ነው። በጎኑ ዞሮ ለማለፍ የሚፈልግ መንገዱ ይረዝምበታል። ይህን ለማየት ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ጨዋታዎቹን ማየት ይበቃ ነበር፤ ሁሉም አይተውት ነበርና።

* * *

በበዓል ዋዜማ በግ ተራ የቆመ ያውቀዋል፤ ገዢ ወገቡን ይዳብሳል፣ ላቱን በመዳፉ ይመዝናል፣ ጥርስ ያያል። ኮምባይኑ ላይ ልጆቹ በቁምጣ ብቻ ተራ በተራ መድረኩ ላይ ሲወጡ፣ ወንበር ላይ የተደረደሩት ሰዎች ቁጥር ሲጽፉ መጀመሪያ የመጣልኝ ይህ ነበር፤ ሳቄም መጣ። አሜሪካ ውስጥ ግን ሳቁ ቶሎ ይደርቃል። ከተመዘኑት የሚበዙት ጥቁሮች ናቸው፣ ከባለ ቡድኖቹ የሚበዙት ነጮች። የቀድሞው የኤንኤፍኤል ኳርተርባክ ኮሊን ካፐርኒክ በ2021 በወጣው የኔትፍሊክስ ተከታታይ ፊልሙ ምዘናውን ከባሪያ ገበያ ጋር ጎን ለጎን አቆመው። ብዙዎች ተቆጡ፤ ልጆቹ በፈቃዳቸው ነው የሚመጡት፣ ሚሊዮን ይከፈላቸዋል አሉ። ልክ ነው። በቁምጣ መሰለፉ ስለ ላይንማንነት ምን እንደሚነግር ግን ከተቆጡት አንድም ሲያስረዳ አልሰማሁም።

* * *

የዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ፈጠነ። ኳርተርባኩ ኳሷን በተቀበለ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ይለቃታል፤ ላይንማኑ ቆሞ ይጀምራል፣ ትንሽ ይገፋል፣ ያበቃል። አራት ዓመት ተጫውቶ ለሦስት ሰከንድ ተኩል ብቻውን አንድ ሰው አግዶ የማያውቅ ልጅ ይወጣል። መልማዩ ከብዙ መቶ ስናፕ ውስጥ የባለሙያዎቹን የሚመስሉትን ለቅሞ ማየት አለበት፤ አንዳንዴ ለአንድ ጨዋታ አምስት ስድስት ብቻ ያገኛል።

የኤንኤፍኤል አሰልጣኞች «ዩኒቨርሲቲዎቹ ማስተማር ትተዋል» እያሉ ያማርራሉ። የራሳቸውን ቤትስ? ከ2011ዱ የሠራተኛ ስምምነት ወዲህ በመደበኛው የውድድር ዘመን ሙሉ መከላከያ ለብሶ መለማመድ የሚፈቀደው 14 ጊዜ ነው። ለተጫዋቾቹ ጤና መልካም ሆነ፣ እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ይህን ሙያ ያለ ግፊያ የሚማረው የለም። ዩኒቨርሲቲው አላስተማረውም፣ ክለቡ ጊዜ የለውም፣ ልጁ ሲወድቅ «ክንዱ አጭር ነው ብለን ነበር» ይባላል።

* * *

አማሪየስ ሚምስ ለጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ በቋሚነት የተሰለፈው በ8 ጨዋታ ነው። ሲንሲናቲ በ2024 በ18ኛ ምርጫ ወሰደው። ሰውነቱን ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ያም ሆኖ አንድ ነገር ልብ ብያለሁ፦ አንድ ልጅ ብዙ ሲጫወት ጉድለቱ ይበዛል፤ ጥቂት ሲጫወት ተስፋው ይበዛል። 40 ጨዋታ ያለው ልጅ በየሳምንቱ የተበለጠበት ቪዲዮ ይወጣበታል።

* * *

በ80ዎቹ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የሰፈሩ አበሾች አንድ ጉድ አይተዋል። እሑድ እሑድ አርኤፍኬ ስታዲየም የሚሄዱ፣ ቀሚስ የለበሱና የአሳማ አፍንጫ ያጠለቁ ፂማም ወንዶች። ክርስቲያኑም እስላሙም አሳማ ከማይነካበት አገር ለመጣ ሰው ይህን የሚያስረዳ ማን አለ? ነገሩ የአጋጆቹ ክብር ነበር። አሰልጣኛቸው ጆ ቡገል «አሳማዎቼ» ብሎ የሰየማቸው የዋሽንግተን ላይንማኖች ከዋክብት ሆነው ነበር፤ በዚህ ስፖርት ላይንማን ደጋፊ ሲያገኝ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሌፍት ታክሉ ጆ ጃኮቢ በ1981 ድራፍት ማንም ሳይመርጠው የመጣ ነው። ያኔ ድራፍቱ 12 ዙር ነበር፤ በ12ቱም ታልፏል። ሴንተሩ ጄፍ ቦስቲክም ያልተመረጠ ነው። ቡድኑ ሦስት ሱፐር ቦውል ወሰደ።

* * *

ከኮምባይኑ ይልቅ ሞቢል፣ አላባማ ለተመራቂ ተጫዋቾች የሚዘጋጀውን የሲኒየር ቦውል ልምምድ እመርጣለሁ። አንድ አጋጅ ከአንድ ተከላካይ ጋር ፊት ለፊት ይቆማል። ፍርደ ገምድል ፈተና ነው፤ አጋጁ በጎኑ የሚረዳው የለም፣ ተከላካዩ ሜዳው ሁሉ የእሱ ነው። አጋጁ ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። ዋጋው ያለው በሁለተኛው ዙር ላይ ነው፦ ያው ሰው በዚያው ዘዴ ሲመጣበት ምን ለወጠ?

በ2021 እዚያ የመጣው ኩዊን ማይነርዝ ዊስኮንሲን ዋይትዋተር ከሚባል፣ በስፖርት ነፃ ትምህርት ከማይሰጥበት 3ኛ ዲቪዚዮን ነው። የ2020 ውድድራቸው በኮሮና ተሰርዞ ስለነበር ካናዳ ጫካ ውስጥ ዛፍ እየገፋ ከርሟል። ማሊያው ወደ ላይ ተጠቅልሎ፣ ቦርጩ ፀሐይ እየሞቀ፣ ከትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡትን ገፋቸው። ተጫውቶ በማያውቅበት ሴንተር ላይም ሞከሩት። ዴንቨር በ98ኛ ወሰደው። በ2024 ከሊጉ ምርጥ ጋርዶች ተርታ ኦል ፕሮ ተባለ። ስለ ቦርጩ የሚያወራ አሁን የለም።

* * *

አሁንም 2013። 1ኛ ኤሪክ ፊሸር፣ 2ኛ ሉክ ጆከል፣ 4ኛ ሌን ጆንሰን። ሦስቱም ታክሎች። ጆከል «የበሰለ» የተባለው ነበር፤ እግሩ የተማረ፣ እጁ የተማረ። ጆንሰን በጀማሪ ኮሌጅ ኳርተርባክ ነበር፣ ኦክላሆማ ሲመጣ ታይት ኤንድ፣ ከዚያ ተከላካይ፣ በመጨረሻ ታክል አደረጉት። ፊሸር ጥሩ ዓመታት አሳለፈ። ጆከል ተጎዳ፣ ወደ ጋርድ ተዛወረ፣ ጠፋ። ጆንሰን ከአሥር ዓመት በላይ የዘመኑ ምርጥ ራይት ታክል ሆነ። በዚያው ዓመት ዴቪድ ባክቲያሪ 109ኛ ተመረጠ፤ በግሪን ቤይ ሌፍት ታክልነት ከአንድም አምስት ጊዜ በኦል ፕሮ ዝርዝር ገባ። ከዚህ ሕግ ላውጣ የሚል ካለ ይሞክር። እኔ ያወጣሁት አንድ ጥርጣሬ ብቻ ነው፦ «የበሰለ» ሲሉ አንዳንዴ «የሚጨመርበት የለም» ማለታቸው ሊሆን ይችላል።

ጆንሰን የደረሰበት ቤት ፊላደልፊያ ነው። ላይንማኖቹን የሚያሠለጥናቸው ጄፍ ስታውትላንድ ነበር። ይኸው ቤት በ2018 በ7ኛው ዙር፣ 233ኛ ላይ ጆርዳን ማይላታን መረጠ። ማይላታ የሳሞአ ዘር ያለው አውስትራሊያዊ ነው፣ የራግቢ ተጫዋች፤ አንድም የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ አልተጫወተም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሜዳ አልገባም፤ ስታውትላንድ እግር ያስተምረው ነበር። ከዚያ ሌፍት ታክል ሆነ፣ በ2025 ካንሳስ ሲቲን 40 ለ 22 አሸንፈው ሱፐር ቦውል ወሰዱ። በዚያው ቀን በጋርድነት የተሰለፈው መካይ ቤክተን ነበር፤ ኒው ዮርክ ጄትስ በ2020 በ11ኛ መርጦት በጉዳት ተንከራትቶ «ከሸፈ» የተባለው ሰው። ሴንተራቸው ጄሰን ኬልሲ ደግሞ አንድ ዓመት ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል፤ እሱም በ6ኛው ዙር፣ 191ኛ የተመረጠ፣ «ለሴንተር ቀላል ነው» የተባለ።

እነዚህን ሁሉ ሌላ ክለብ መርጧቸው ቢሆንስ? መልማዮች ለልጁ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ለሚገባበት ቤት የሚሰጥ የለም። በየሚያዝያው መጨረሻ የሚታተመው ደረጃ ሁሉ ልጁ የትም ቢሄድ ያው እንደሆነ አድርጎ ነው የሚጽፈው። ለላይንማን ይህ ከሁሉ ቦታ በላይ ስሕተት ይመስለኛል። ሯጭ ሩጫውን ይዞ ይመጣል። ላይንማን አጠገቡ ካለው ሰው ጋር እርምጃ ካልገጠመ፣ ከኳርተርባኩ ጋር ካልተዋወቀ፣ የሚያርመው ካላገኘ 34 ኢንቹ አያድነውም።

* * *

ኮምባይን ላይ ክለቦች ከሁሉ አብልጠው የሚፈልጉትን ቴሌቪዥን አያሳየውም፤ የሐኪሞቹ ክፍል ነው። ጉልበት፣ ትከሻ፣ ጀርባ እየታሸ ይታያል፣ በራጅ ይነሣል። በ1980 የሳውዘርን ካሊፎርኒያው አንቶኒ ሙኞዝ እንዲህ ያለ ፈተና ሊያልፍ የሚችል አልነበረም፤ ጉልበቱ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ሦስት ጊዜ በቀዶ ጥገና ተከፍቷል፣ በመጨረሻው የውድድር ዓመት ከመጀመሪያው ጨዋታ ጉዳቱ ጀምሮ እስከ መዝጊያው ጨዋታ እስከ ሮዝ ቦውል አልተሰለፈም። የሲንሲናቲ አሰልጣኝ ፎረስት ግሬግ፣ ራሱ በግሪን ቤይ ስሙ የገነነ የቀድሞ ታክል፣ ሊያየው ሎስ አንጀለስ ሄደ። ሜትርም ሰዓትም ሳይል ልጁን ፊቱ አቆመውና እንደ ተከላካይ ሆኖ ራሱ መጣበት። ሙኞዝ ደረቱን በመዳፉ መታው፤ አሰልጣኙ በጀርባው ተዘረረ። ልጁ ደንግጦ ይቅርታ ሲጠይቅ ግሬግ ፈገግ ብሎ ተነሣ። ሲንሲናቲ በ3ኛነት መረጠው። 13 ዓመት ተጫወተ፣ 11 ጊዜ ፕሮ ቦውል ተመረጠ፣ በ1998 ሆል ኦፍ ፌም ገባ። ዛሬ ዋና አሰልጣኝ እንዲህ ልሞክር ቢል የክለቡ ጠበቃ አስቀድሞ ወረቀት ያስፈርመዋል፤ ያም ቢሆን ስንቱ አሰልጣኝ ፊት ለፊት ቆሞ ይሞክረው ይሆን?